የሉዊስና የሾርት የላቲን መዝገበ ቃላት «አብስቲኔዮ» በሚለው ግሥ ሲመዘን

አንድን መዝገበ ቃላት የምመዝነው አጥብቄ ለምፈልገው ቃል በሚሰጠው ፍቺ ነው። ቻርልተን ሉዊስና ቻርልስ ሾርት አዘጋጅተውት በ1879 እ.ኤ.አ. የታተመውን፣ ከ2,000 ገጽ በላይ ያለውን የላቲን መዝገበ ቃላት «አብስቲኔዮ» በሚለው ግሥ ፈተንሁት፤ ቃሉ መታቀብን፣ መከልከልንና ከምግብ መራቅን ስለሚያመለክት ጾምን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም።

ግሡ መራቅን ከሚያሳየው «አብስ» እና «እይዛለሁ» ከሚለው «ቴኔዮ» የተገነባ በመሆኑ መነሻ ፍቺው «አርቆ መያዝ» ነው። መዝገቡን የወደድሁት ይህን ሥር ሳይለቅ አገባቡን በምሳሌ ስለሚያሳይ ነው፦ ግሡ አንዳንዴ «እጅን» ተሳቢ አድርጎ መሰብሰብን፣ አንዳንዴ «ራስን» ተሳቢ አድርጎ መታቀብን፣ አንዳንዴም ያለ ተሳቢ መተውን ይገልጻል። የሚተወው ነገር በአብላቲቭ (እንደ አማርኛው «ከ» መለየትን በሚያሳይ የስም መልክ)፣ ብቻውን ወይም «አብ» ከሚለው መስተዋድድ ጋር ይመጣል፤ ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ ግን የግሪክኛን ፈለግ ተከትሎ ቁጣንና ጠብን በጄኒቲቭ (እንደ አማርኛው «የ» ባለቤትነትን በሚያሳይ የስም መልክ) አስቀምጧቸዋል። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ኔፖስም የሮማዊውን የአቲኩስን አሟሟት ሲተርክ ሰውዬው ለሁለት ቀን ከምግብ ራሱን እንደ ከለከለ የሚናገረው በዚሁ ግሥ ነው።

የእኛው «ታቀበ» ከግእዙ «ዐቀበ»፣ ማለትም «ጠበቀ» ከሚለው ይወጣል፤ ላቲኑ ራስን ሲይዝ ግእዙ ራስን ይጠብቃል ማለት ነው። ሁለቱም ሥሮች እስከ ምክር ቤት ደርሰው፣ በአማርኛ «ድምፀ ተዐቅቦ» የምንለውን እንግሊዝኛው ከዚሁ የላቲን ግሥ በወረሰው ቃል ይጠራዋል።

ከ1968 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. በክፍል በክፍል የወጣው የኦክስፎርድ የላቲን መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን በተሻለ ጥራት ቢደረድርም የክርስቲያን ጸሐፊዎችን በአብዛኛው አያካትትም። ለእኔ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥22፣ አማርኛው «ራቁ» የሚለው «አብስቲኔቴ ቮስ» ተብሎ ተጽፏል። ሆኖም ግሡን ሁልጊዜ «ጾመ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት «ዬዩኒዩም» የማዕዱን ብዛትና መጠን መቀነስ፣ «አብስቲኔንቲያ» ደግሞ ከሥጋ መከልከል ነው፤ የእኛ «ጾም» ግን እስከ ሰዓቱ ሳይበሉ መቆየትንም ከጥሉላት መራቅንም በአንድ ቃል ይጠቀልላል።

የሉዊስና የሾርት ሥራ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የፐርሲየስ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በነፃ ስለሚገኝ ለጀማሪ የታተመውን እንዲገዛ አልመክርም። መዝገቡ የሚጠቅሳቸው ደራሲዎች ስም በምሕጻረ ቃል ስለሚጻፍ ግን አስቀድሞ የምሕጻረ ቃላቱን ዝርዝር ማጥናት ያስፈልጋል።