ለአንድ ምስክርነት ሦስት ቀጠሮ

የጎረቤታችን ልጅ ሞባይሉን ሲነጠቅ አይቼ ምስክር ሆንኩ። መጥሪያው የመጣልኝ በፖሊስ እጅ ነው፤ በር አንኳኩቶ አስፈረመኝ። ፍርድ ቤቱ ግን ተሻሽሎ ጠበቀኝ። ግድግዳው ላይ ካለው ስክሪን የመዝገቡን ቁጥርና ችሎቱን ወዲያው አገኘሁ። ድሮ ከአባቴ ጋር ስሄድ፣ ወረቀት የተለጠፈበት ሰሌዳ ሥር ነበር የምንጋፋው።

ችሎት ውስጥ ቃሌ በድምፅ ተቀዳ። ዳኛዋ አንገታቸውን ደፍተው አይጽፉም፤ ፊቴን እያዩ ይጠይቁኛል። ይሄን በጣም ወደድኩት።

ግን እዚህ ለመድረስ ሦስት ቀጠሮ ፈጀ። አንዴ ተከሳሹ ከማረፊያ ቤት ሳይቀርብ ቀረ። አንዴ መብራት ጠፋ፣ መቅጃውም አብሮ። የታክሲዬን የጠየቀኝ የለም።

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲው በ2003። በመሃላቸው 49 ዓመት! ፖሊሲው ጉዳዮች እንዳይጓተቱ የጥፋተኝነት ድርድርን፣ ማለትም ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱ እንዲቀልለት ከዐቃቤ ሕግ ጋር መደራደርን ጭምር አስቧል። እኔ ያለሁበት መዝገብ ላይ ግን ስሙን ያነሳ አልሰማሁም።

ለስክሪኑና ለድምፅ ቅጂው ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። ለቀጠሮው 1፣ እሱም ለችሎት አስከባሪው ትሕትና ስል ነው። ፍርዱ ለሰኔ ተቀጥሯል። ልጁ ሌላ ሞባይል ከገዛ ቆየ።