ባለ «100000 ሉመን» ባትሪ፦ ቀፎው ይገዛ፣ ድንጋዩ ይቅር

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ «ጠንካራ ባትሪ አላችሁ?» ለሚል ሰው ከመደርደሪያ የሚወርድለት ዕቃ ይታወቃል። ጥቁር የአሉሚኒየም ቀፎ፣ ወደ ፊት የሚሳብ አንገት፣ ጎኑ ላይ በጎማ ክዳን የተሸፈነ የቻርጅ ቀዳዳ፣ አጠገቡ አራት ነጠብጣብ የሚያክሉ የቻርጅ ማሳያ መብራቶች፣ ካርቶኑ ላይ ደግሞ «ፒ70» (የኤልኢዲዋ ዓይነት) እና «100000 ሉመን»። የካርቶኑ ስም ይቀያየራል፤ ዕቃው ያው ነው። ስለዚህ እዚህ የሚገመገመው አንድ ስም ሳይሆን ይህ ዓይነት የእጅ ባትሪ ነው፣ አብረውት ከሚመጡት ኃይል ሰጪ ድንጋይና ቻርጀር ጋር።

ከቁጥሩ እንጀምር። ሉመን አንድ መብራት በጠቅላላ የሚያወጣው የብርሃን ብዛት መለኪያ ነው። አንድ ባለ 9 ዋት የቤት ኤልኢዲ አምፖል ከ800 እስከ 900 ሉመን ይሰጣል። 100000 ሉመን ማለት እንግዲህ ከ110 በላይ አምፖል በአንድ እጅ ይዞ መሄድ ነው። ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል ብንል 1000 ዋት ያስፈልጋል። ያ የካውያ ኃይል ነው፤ ካውያ ደግሞ አውራ ጣት በምታክል ድንጋይ አይሠራም።

እውነተኛውን ቁጥር ለማግኘት ቮልትና አምፔር የሚለካው ቴስተር ይበቃል። ድንጋዩን ሞልታችሁ የኋላ ክዳኑን ፍቱት። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጉ፤ ቀዩን ገመድ ወደ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ማዛወር አትርሱ። አንዱን ጫፍ ከድንጋዩ ቂጥ፣ ሌላውን ከቀፎው ጠርዝ ላይ ቀለም ከሌለበት ብረት ጋር አገናኙ። ክዳኑን ተክቶ ቴስተሩ መንገዱን ይዘጋዋል፣ ባትሪው ይበራል፣ አምፔሩም ይነበባል። ከ1.5 እስከ 2.5 አምፔር ከወጣ ጤነኛ ነው፤ በ3.7 ቮልት ሲባዛ ከ5.5 እስከ 9 ዋት፣ ማለትም ከ550 እስከ 900 ሉመን ገደማ። ከ1 አምፔር በታች ከሆነ ተዉት። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ቴስተሩ አምፔር ላይ እንዳለ ሁለቱን ጫፍ በድንጋዩ ራስና ቂጥ ላይ አታድርጉ። ያ መለካት ሳይሆን ሾርት ማድረግ ነው፤ ቀናችሁ ከሆነ የቴስተሩ ፊውዝ ብቻ ይሄዳል።

700 ሉመን ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ግቢ ሙሉ ያበራል። ቅር የሚያሰኘው ብርሃኑ ሳይሆን ካርቶኑ ነው።

አንገቱን ስባችሁ ግድግዳ ላይ ብታበሩ አራት ማዕዘን ብርሃን፣ መሃሉ ላይ የመስቀል ጥላ ይዞ ሊታይ ይችላል። ያ የኤልኢዲዋ የራሷ መልክ ነው፤ በውስጧ ባሉት አራት ብርሃን ሰጪ ቺፖች መካከል ያለው ክፍተት ነው መስቀሉን የሚሠራው። ስለ ቺፑ ብዛት ይናገራል፣ ስለ ሉመኑ ግን ምንም። አንገቱ ሲሳብ ከኤልኢዲዋ ወደ ጎን የሚወጣው ብርሃን ሌንሱን ሳያገኝ ውስጥ ይቀራል፤ ርቀት ታገኛላችሁ፣ በብዛት ትከፍላላችሁ። ርቀቱን የሚወስነው ካንዴላ፣ ማለትም ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደጠነከረ የሚለካው ነው። የካንዴላውን ካሬ ሥር በሁለት አባዙት፦ 10000 ካንዴላ 200 ሜትር፣ 40000 ካንዴላ 400 ሜትር። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ካንዴላ ይጠይቃል ማለት ነው። በዚያ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ብርሃን 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው)፣ የሙሉ ጨረቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ሰውን ከቁጥቋጦ ለመለየት ግማሹን ርቀት ያዙ።

የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ያደረገውን የሚያውቅ ሰው፣ ወንዝ ዳር የሚኖር ዘበኛ ሩቅ የሚወረውር ባትሪ ለምን እንደሚፈልግ አይጠይቅም፤ ለእሱ ይህ የሚሳበው ዓይነት ይሆነዋል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንገዱ ጠባብ፣ ግድግዳው በኖራ የነጣ ነው፤ ከፍተኛውን ስትለቁት ብርሃኑ ከግድግዳው ተመልሶ የሚያሳውረው እናንተኑ ነው። እዚያ ዝቅተኛው ከበቂ በላይ ነው፣ ድንጋዩም ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል።

አሁን ወደ ድንጋዩ። እኛ አገር ባትሪ የሚባለው መብራቱ ነው፣ ኃይሉ ያለባትን ድንጋይ እንላታለን፤ ለዚህ ዕቃ ስያሜው ልክ ነው፣ ብዙ ጊዜ አብራ የምትመጣዋ ከድንጋይ አትሻልምና። 18650 የሚለው መጠኗ ነው፦ ውፍረቷ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ 65። ቀፎው ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለወፍራሟ 26650 ሲሆን፣ ቀጭኗ እንዳትንገላታ የፕላስቲክ ቱቦ ይጨመርላታል። ሦስት የሪሞት ድንጋይ የምትይዝ ጎጆም አብራ ትመጣለች። እሷ ለጭንቅ ቀን ናት፤ የሪሞት ድንጋይ ያን ያህል አምፔር መስጠት ስለማይችል ብርሃኑ ወዲያው ይደክማል።

የድንጋዩ ልባስ ላይ «9900» ወይም «8800» ሚሊ አምፔር ሰዓት ተጽፎ ካያችሁ ውሸት ነው። በደህና ፋብሪካ የተሠራች 18650 የምትይዘው 3500 አካባቢ ነው። 3500 በ3.6 ቮልት 12.6 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 10 ዋት የሚበላ ባትሪ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ወፍራሟ 26650 እስከ 5000 ገደማ ትደርሳለች። ሐሰተኛዋን ለማጋለጥ ወርቅ ቤት ግቡና ሚዛን ላይ አስቀምጧት። እውነተኛዋ 18650 ከ45 እስከ 49 ግራም ትመዝናለች፤ 30 ግራም ከሆነች ውስጧ ያለችው ሌላ ትንሽ ድንጋይ ናት፣ የቀረው ባዶ ነው። ክብደቷን ለመሙላት ዱቄት ወይም አሸዋ የተጠቀጠቀባቸውም አሉ። አሸዋ ከቻይና ድረስ አስጭኖ ለድሬዳዋ ሰው መሸጥ!

ከሞተ ላፕቶፕ የወጡ ድንጋዮች ከዚች ይሻላሉ። አዲስ ሳሉ ከ2000 እስከ 2600 የሚይዙ ናቸው፣ ቁጥራቸው ግን እውነት ነው። ስትገዙ ቴስተር ያዙ። ከ2.5 ቮልት በላይ ካሳየች ተስፋ አላት፤ ከ2 ቮልት በታች ወርዳ የከረመችን በምንም ዋጋ አትውሰዱ፣ ውስጧ ተበላሽቷልና ቻርጅ ስትደረግ ልትግል ትችላለች። ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሯት፦ 4.1 እና ከዚያ በላይ ላይ ከቆየች ጥሩ፣ ወደ 4.0 ከወረደች ራሷን እየበላች ነው። ቻርጅ ላይ ሳለች እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ካመጣች ነቅላችሁ ከቤት አውጧት።

የእነዚህ የላፕቶፕ ድንጋዮች ፖዘቲቭ ጫፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ አንዳንድ ቀፎ ውስጥ አይነካም። ሰው ታዲያ የሲጋራ ወርቀ ዘቦ (የፓኮውን ብልጭልጭ ወረቀት) አጥፎ ጣል ያደርግበታል። ይህ አደገኛ ነው። የድንጋይዋ አካል በሙሉ፣ ከላይ እስከ ራሷ ጠርዝ ድረስ፣ ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ መሃል ላይ ያለችው ክብ ብቻ ናት። ሁለቱን የሚለያቸው ቀጭን የወረቀት ቀለበትና ላስቲክ ልባሱ ነው። ወርቀ ዘቦው አንድ ሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ ሾርት ነው። በዚሁ ምክንያት ልባሷ የተላጠ ድንጋይ ናስትሮ ተጠቅልሎላት አትዳንም። ስልክ ጠጋኞች ጋ በሙቀት የሚጨማደድ ላስቲክ አለ፤ ቀለበቱ ተቀይሮ አዲስ ይለበስላት።

አብራ የምትመጣው ግድግዳ ላይ የምትሰካ ቻርጀር የዚህ ዕቃ ደካማ ጎን ናት፤ ከድንጋይዋም ትብሳለች። ሊቲየም ልክ 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለባት። አረንጓዴዋ ስትበራ ድንጋይዋን አውጥታችሁ ለኩ፦ ከ4.15 እስከ 4.20 ከሆነ እሰየው። 4.25 ካለፈች ያቺን ቻርጀር ለልጅ መጫወቻ እንኳ አትስጡ። የቀፎው የራሱ ቀዳዳም በዚሁ መንገድ ይፈተን፤ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ግን ቀስ ይላል። በ1 አምፔር 3500ዋን ለመሙላት አራት ሰዓት ያልፋል፣ በግማሽ አምፔር ስምንት። በስልክ ቻርጀር መሰካት ችግር የለውም፤ የሚወስደውን የሚወስነው ቀፎው ነው። በታይፕ ሲ ወደ ታይፕ ሲ ገመድ አልሞላ ካለ ግን አትደንግጡ፦ ርካሽ ቀፎዎች ላይ ሁለት ትናንሽ ሬዚስተሮች ስለሚቀሩ ቻርጀሩ አያውቃቸውም። ሰፊው ዩኤስቢ ጫፍ ያለው የድሮ ገመድ ይሠራል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው አትሰኩ። ቮልቴጁ እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ታገሡ፤ ርካሽ ቻርጀሮችን የሚገድላቸው የመጀመሪያው ግፊት ነው።

ድሬዳዋ ላይ ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ሙቀቱ ነው። ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለባትም፤ በሰኔ ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ወደዚያው ይጠጋል፣ ድንጋይዋ ደግሞ ቻርጅ ላይ የራሷን ሙቀት ትጨምራለች። ጥሩው ሰዓት ከመግሪብ በኋላ ነው፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተሰክቶ 5 ሰዓት ከመተኛት በፊት መንቀል። ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ ይሁን፤ ፍራሽ፣ ምንጣፍና መጋረጃ አጠገብ አይሁን። ባጃጅ ውስጥ መስታወቱ ሥር ባትሪ አስቀምጦ መዋል የተለመደ ነው፤ ድንጋይ የሚያረጀው ደግሞ እዚያ ነው። ሙሉ ሆና በሙቀት የምትውል ድንጋይ በፍጥነት ትደክማለች። ለወራት የማትነኳት ከሆነ ከ3.6 እስከ 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ እንስራ በሚቀመጥበት በቀዝቃዛው ጥግ፣ ውሃ በማይነካት ቦታ አኑሯት። ዕለት ዕለት ለሚጠቀምም 4.1 ላይ መንቀል ዕድሜዋን ያረዝመዋል። ወደ ታች ደግሞ ብርሃኑ ሲደበዝዝ ማቆም እንጂ እስኪጠፋ መጭመቅ ጥሩ አይደለም፤ ርካሽ ቀፎዎች 3 ቮልት ላይ ይቁሙ አይቁሙ ዋስትና የለም።

ሁለት ድንጋይ የሚወስደውን ዓይነት የገዛ ሰው መንትያ ያድርጋቸው። በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት፣ ሲገቡ ልዩነታቸው ከ0.05 ቮልት ያልበለጠ። «ሀ» እና «ለ» ብላችሁ ጻፉባቸውና አትለያዩአቸው። ተከታትለው የሚቀመጡ ከሆነ ደካማዋ ቀድማ ባዶ ትሆንና ጠንካራዋ በግድ ታስኬዳታለች፤ እንዲህ ሲሆን ድንጋይ ሊፈነዳ ይችላል። ጎን ለጎን ከሆኑም ሙሉዋ ወደ ባዶዋ በአንዴ ትፈስሳለች።

የቀፎው ብልሽት ቀላል ነው፣ ብዙውም እዚያው ይፈታል። ብልጭ ድርግም ካለ መጀመሪያ የኋላ ክዳኑ ውስጥ እዩ፦ ሞላው ሥር ሁለት ቀዳዳ ያላት የብረት ቀለበት አለች፣ በጊዜ ብዛት ትላላለች። የመቀስ ጫፍ ቀዳዳዎቹ ላይ አስገብታችሁ በሰዓት አቅጣጫ አጥብቋት። ካልተስተካከለ ክዳኑ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ በንጹሕ ጨርቅና በጥቂት አልኮል ጥረጉ፤ የድሬ ደቃቅ አሸዋ ከድሮው ግሪስ ጋር ተቦክቶ ኮረንቲውን ያቋርጠዋል። ከዚያ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሲሊኮን ግሪስ ለጎማ ቀለበቷና ለጥርሱ። ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ስለሚያሳብጥ ይቅር። ከፍተኛው ላይ በርቶ ወዲያው የሚደክም ከሆነ ግን ቀፎውን አትፍረዱበት፤ ያረጀች ድንጋይ ቴስተር ላይ 4.1 እያሳየች ሥራ ሲበዛባት ትወድቃለች። ሌላ ድንጋይ አስገብቶ መሞከር ነው።

ካርቶኑ «ውሃ አያስገባም» ቢልም አትመኑ። አንገቱ በተሳበ ቁጥር አየር ያስገባል፣ በአየሩ አቧራና እርጥበት አብሮ ይገባል። ዝናብ ይችላል፤ ባልዲ ውስጥ መውደቅ አይችልም።

ስለዚህ ስትገዙ ቀፎውን ብቻ ጠይቁ። ሻጩ «አቦ፣ ያለ ድንጋይ ምን ታደርገዋለህ?» ማለቱ አይቀርም፤ ድንጋዩንና ቻርጀሩን አስቀርቶ ዋጋ ከቀነሰ የተረፈውን ደህና 18650 ላይ ጨምሩት። እንቢ ካለ ከነድንጋዩ ውሰዱና ቤት ስትደርሱ ሁለቱን ጫፏን በናስትሮ ሸፍኗት። ቆሻሻ በሚቃጠልበት ቦታ ግን አትጣሏት፤ ባዶ የምትመስል ሊቲየምም እሳት ውስጥ ትፈነዳለች።