እጄን ያተረፈልኝን ቢላ ሠሪ ላመስግን

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ እዚህ ቴክሳስ ቁራሽ መሬት ገዝታችሁ ፍየልና በግ የምታረቡ ወገኖች ይቺን አንብቧት። አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። ቢላ ሠሪ ነው። ዕድሜው ከሰባ አልፏል። ስሙ ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልግ፣ በልቤ እንደምጠራው «ጋሼ» እያልኩ ልጻፍ።

ነገሩ የጀመረው በአሳማ ነው። ከዳላስ በስተምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ የምደርስበት መሬት ላይ አርባ ገደማ ፍየሎች አሉኝ። መጀመሪያ የገባሁ ዓመት አንድ ጠዋት ስደርስ ሣሩ ተገልብጦ አፈሩ ወጥቷል። ትራክተር ያረሰው መስሎኝ ነበር። የዱር አሳማ መንጋ በአንድ ሌሊት ነው እንዲያ ያደረገው። አጥሩን ከሥር እየፈነቀሉ ይገባሉ። በሁለተኛው ዓመት በመውለጃ ሰሞን ሁለት ግልገል በሉብኝ። አንዷን ያገኘኋት እግሯን ብቻ ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ስሜት ያውቀዋል። እኔም ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ተቀምጬ በወንጭፍ ከርከሮና ዝንጀሮ ከበቆሎ ሳባርር ነው ያደግኩት። የዚህ አገሩ ግን ሌላ ነው። ዘሩ ስፔኖች በ1500ዎቹ ካመጡት የቤት አሳማ ይጀምራል። በኋላ በ1930ዎቹ ደግሞ ሰዎች ለአደን ብለው ከአውሮፓ የዱር አሳማ አምጥተው ለቀቁና ተደባለቀ። ሴቷ አራት ወር ሳይሞላ፣ በ115 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንዳለ ይገመታል። ስለዚህ መንግሥት ራሱ ግደሉልን ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2019 ጀምሮ በግል መሬት ላይ፣ ባለመሬቱ ከፈቀደ፣ ያለ አደን ፈቃድ ማደን ይቻላል።

ሥጋውን እኛ አንበላም። እሱን ጎረቤቶቼ ይወስዱታል። የእኔ ጭንቀት ግልገሎቼ ናቸው።

ጎረቤቴ በውሻ ነው የሚያድነው። ለምን በቢላ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ እኔም ጠይቄው ነበር። ሁለት ሦስት ውሾች አሳማውን ፈልገው ይከቡታል፤ እየጮሁ ያቆሙታል። ከዚያ ደረቱና አንገቱ ላይ ወፍራም ጃኬት የለበሰ ያዥ ውሻ ይለቀቃል። እሱ ጆሮውን ነክሶ ይይዛል። በዚያ ሰዓት ጠመንጃ መተኮስ ውሻውን ወይም ሰውን መምታት ነው። አንድ ሰው የኋላ እግሮቹን ያነሳል፤ ሌላው በጎን ገብቶ በቢላ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። ውሾቹም በጥይት አይመቱም፣ እንስሳውም ብዙ አይሰቃይም። በቢላ የማደኑ ምክንያት ይሄ ብቻ ነው።

እኔ ታዲያ ቢላ ልግዛ ብዬ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባሁ። ትልቁን፣ የሚያብረቀርቀውን መረጥኩ። የሸጠልኝ ልጅ «ለአሳማ ምርጥ ነው» አለኝ። እጀታው የተወለወለ እንጨት ነው፣ ሲያዩት ያምራል። በእጀታውና በስለቱ መካከል ግን ምንም የሚያግድ ነገር የለውም። በመጀመሪያው አደን እጄ ረጥቦ ነበር። ስወጋ ጫፉ አጥንት ነካና ቆመ፤ እጄ ግን አልቆመም። ወደ ስለቱ ተንሸራተተ። ጠቋሚ ጣቴና መዳፌ ላይ አምስት ቦታ ተሰፋሁ። ሐኪሙ ጅማቱ ለጥቂት እንደተረፈ ነገረኝ።

ጋሼን ያገኘሁት እጄ በፋሻ እንደታሰረ ነው። ካንተን ከተማ ያለውን «ፈርስት መንደይ» የሚሉትን ገበያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስሙ የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ይሁን እንጂ ገበያው ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ከሐሙስ እስከ እሁድ ነው የሚውለው። ለአጥር የሚሆን ሽቦ ፍለጋ ስዞር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢላዎች አየሁ። አንዱን ትልቅ አንስቼ ዋጋውን ጠየቅኩት። ዋጋውን አልነገረኝም። ፋሻውን አየና «ለምንድነው የምትፈልገው?» አለኝ። ነገርኩት። «እሱ ላንተ አይሆንም፣ መልሰው» አለኝ።

ሊሸጥ የተቀመጠ ሰው አልሸጥልህም ሲለኝ እኔ ጆሮዬን እሰጠዋለሁ።

የድሮው ቢላዬ መኪና ውስጥ ነበር። አምጣው አለኝ። ስለቱን በፕላስተር ጠቀለለው። ከዚያ ደህናው መዳፌ ላይ የምግብ ዘይት ጠብ አደረገና እርጥብ አሸዋ የተሞላ ከረጢት አስቀመጠልኝ። «ውጋ» አለኝ። ወጋሁ። እጄ ሙልጭ ብሎ እስከ ስለቱ አጋማሽ ሄደ። ቀጥሎ የራሱን ሥራ ሰጠኝ፣ እሱንም በፕላስተር ጠቅልሎ። በዚያው በዘይታም እጄ ወጋሁ። ትንሿ አግዳሚ ብረት ጣቴን ገጭታ አቆመችው። ሦስቴ ደገምኩት። ሦስቴም አቆመችው። ደም ከዘይት ይብሳል አለኝ።

ከዚያ ቡናማ ወረቀት ዘርግቶ እጄን አስቀመጠና ዙሪያውን በእርሳስ ሣለው። የጣቶቼን ርዝመት፣ የመዳፌን ስፋት ለካ። ጓንት አድርጌ እንደማድን ስነግረው ጓንቱንም አምጥተህ እንደገና እንለካለን አለኝ። ጓንት የግድ ነው። የዱር አሳማ ብሩሴሎሲስ ይይዛል፤ በደሙ በኩል በቁስል ወደ ሰው ይገባል። የእኔ እጅ ያኔ ቁስል ነበር፤ እሱ ሲነግረኝ ነው የደነገጥኩት።

ብረቱን ከየት እንደሚያመጣ ስጠይቀው የጭነት መኪና ስፕሪንግ የሚሠራበት የብረት ዓይነት እንደሆነ ነገረኝ፤ 5160 ይሉታል። ባሌስትራ ማለት ነው! አገራችን ቀጥቃጮች ካራና ማጭድ የሚያወጡበት ባሌስትራ። ይሄን ስነግረው ደስታው ልዩ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና የእኛ ቀጥቃጮች በምን እንደሚያናፉ፣ በምን እንደሚነክሩ ሲጠይቀኝ ገበያተኛውን ረሳው። ወናፍ የፍየል ቆዳ እንደሆነ በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁት። ባሌስትራ ለምን እንደሚመረጥ ደግሞ እሱ አስረዳኝ። ይህ ብረት ጫና ሲበዛበት ይጎብጥና ይመለሳል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ለመውጋት ሥራ የሚፈለገውም ይሄ ነው። ክፋቱ ይዝጋል። ካልተንከባከቡት በአንድ ሌሊት ይቀላል።

ለእኔ የሠራልኝ ስለቱ 8 ኢንች ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መጀመሪያ ያነሳሁት 12 ኢንች ነበር። ረጅሙ ቁጥቋጦ ውስጥ ያስቸግራል፣ ለውሻውም አደጋ ነው አለኝ። አጭሩ ደግሞ ልብ ጋ አይደርስም። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ ይዘልቃል፤ በግማሽ የቀረ ጭራ በጫና ይነቀላል። እጀታው እንጨት አይደለም፣ ማይካርታ የሚሉት በሙጫ የጠነከረ ጨርቅ ነው። ሳይወለወል ሻካራ እንደሆነ ተወው። ሲረጥብ እንደውም እጅ ላይ ይበልጥ ይይዛል። ተጣጣፊ ቢላ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አታምጡ ይላል፤ መቆለፊያው ከከዳ የሚታጠፈው ጣታችሁ ላይ ነው።

ስለ አያያዙ የነገረኝ ደግሞ ከቢላው አይተናነስም። እኔ አፎቱን ቀበቶዬ ላይ ከፊት ለፊት ነበር የማንጠለጥለው። እስቲ ጎንበስ በል ሲለኝ ጎንበስ አልኩ፤ ጫፉ ቀጥታ ብሽሽቴ ላይ አረፈ። ያን ሁሉ ጊዜ እንዲያ ይዤ ስሮጥ ነበር። ጋሼ ወደ ግራ ጎኔ አዞረው፤ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ እጀታው ለቀኝ እጄ እንዲቀርብ። ጭኔ ላይ እየተወዛወዘ እሾህ እንዳይዘው ከፍ አድርጎ አሰረው። አፎቱም ቆዳ አይደለም፣ ካይዴክስ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ጫፉ ላይ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። ቆዳ ያምራል፣ ግን ደምና ውሃ ይይዝና ብረቱን ያስበላል። ቢላው ሲገባ «ቀጭ» ይላል። ገልብጬ ብነቀንቀውም አይወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ አስምሎኛል። ውሾቹ ሳይዙ፣ አንተም እዚያው ሳትደርስ ከአፎቱ አትምዘዝ። የተመዘዘ ቢላ ይዞ በጨለማ የሚሮጥ ሰው አሳማ አያስፈልገውም፣ ራሱን ይወጋል።

ጥር ላይ ሞከርኩት። ንጋት ነው፣ ውርጭ አለ። ውሾቹ ወንዙ ዳር እሾህ ውስጥ አንድ ትልቅ ወንድ ከበቡ፤ ወደ 180 ፓውንድ ይሆናል። ክራንቻው ከታች ወጥቶ ከላይኛው ጋር እየተፋጨ ይሳላል፣ ድምፁ ይሰማል። ያዡ ውሻ ጆሮውን ያዘ። ጎረቤቴ የኋላ እግሮቹን አነሳ። እኔ ከኋላ በጎን መጣሁና ያኔ ብቻ መዘዝኩ። ወንድ አሳማ ትከሻው ላይ ጋሻ የሚባል ወፍራም ነገር አለው፤ በዚያ በኩል መሞከር ከንቱ ነው። ከፊት እግሩ ብብት ኋላ ዝቅ ብዬ ገባሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጣቴ አግዳሚዋ ላይ አረፈ፣ አልተንቀሳቀሰም። ጎረቤቴ እግሮቹን ሲለቅ አሳማው ቀድሞ አልቆ ነበር። ውሾቹ ምንም አልሆኑም። ጓንቴን አውልቄ እጄን አየሁት። ሙሉ ነው። እዚያው ውርጩ ላይ ተቀምጬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ ቀጥሎ ጋሼን።

ከዚያ በኋላም አልተወኝም። የሠራውን ቢላ ሁሉ ዕድሜ ልክ በነፃ ይስላል። በየጎኑ 25 ዲግሪ ገደማ ነው የሚስለው፤ ከዚያ ከቀጠነ አጥንት ሲነካ ይሸረፋል። በኋላ እኔንም አስተማረኝ። ከአደን ስመለስ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ፣ ከአፎቱ ውጭ አሳድራለሁ። ለመግፈፍና ለገመድ ሌላ ባለ 3 ኢንች ትንሽ ቢላ እይዛለሁ። ትልቁ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው።

ሕጉንም የነገረኝ እሱ ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ወዲህ ከ5.5 ኢንች በላይ ስለት መያዝ ለአዋቂ ፈቅዳለች፤ ግን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መጠጥ ቤት፣ ፍርድ ቤትና የአምልኮ ቦታ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቅዳሜ ሌሊት አድናችሁ እሁድ ጠዋት በዚያው ቀበቶ ቅዳሴ የምትሄዱ ካላችሁ ልብ በሉ። ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ የየራሳችሁን ሕግ አጣሩ።

የከፈልኩት 220 ዶላር ነው። ከሱቁ ቢላ በ80 ዶላር ይበልጣል። ለአምስቱ ስፌት የመጣብኝን ሂሳብ ሳስበው ግን ዋጋው አይቆጨኝም። ሠርቶ ለማስረከብ ስድስት ሳምንት ወስዶበታል፤ በቀጠሮው ቀን ነው የሰጠኝ።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠረጴዛው የት ጋ እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ዓርብ ጠዋት ሂዱ፣ ቅዳሜ ሰው ይበዛበታል። የምታድኑበትን ጓንት ይዛችሁ ሂዱ። ለምን እንደምትፈልጉት ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት፤ ለጌጥ ከሆነም ለጌጥ በሉት። ፔርሙስ ላይ የእኛን ቡና ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ደስ ይለዋል። ስኳር አይፈልግም።