ጅማ ውስጥ «ለመኪናዎ ልክ የተሠራ ነው» ተብሎ ከሚሸጥ ጋንቾ (የተሳቢ ማያያዣ ብረት) ተጠንቀቁ

በጅማ ከተማና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ ራቭ ፎርን የመሰለች አነስተኛ መኪና ኖራችሁ ቀላል ተሳቢ ለመጎተት የምታስቡ ወገኖቼ፣ በመርካቶ በኩል ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች በአንዱ የተፈጸመብኝን በደል ንዴቴ ሳይበርድ እጽፍላችኋለሁ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ነገር ግን ዕቃውን ገና ከመደርደሪያ ሲያወርድ አቧራውን በጨርቅ እየጠረገ «ከዱባይ የገባ ነው፣ የቀረኝም ይሄ ብቻ ነው» የሚለውን ነጋዴ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ዝናቡ ሲገባ ወደ አጋሮ የቡና ችግኝና ፍግ የማመላልስባት ትንሽ ተሳቢ ስላለችኝ ጋንቾ ያስፈልገኝ ነበር። ሰውየው የመኪናዬን ሞዴልና የተሠራችበትን ዓመት ጠይቆኝ፣ ይህ ብረት ለእሷ ልክ የተሠራ እንደሆነ፣ ብየዳም ሆነ አዲስ ቀዳዳ እንደማይፈልግ፣ እቤቴ ሆኜ በቡሎን ላስረው እንደምችል አረጋገጠልኝ። 22 ሺህ ብር ከፍዬ ወሰድኩት።

ራቭ ፎር እንደ ፒካፕ ራሱን የቻለ ሻንሲ የላትም፤ አካሏና ወለሏ አንድ ላይ የተበየደ ስለሆነ ጋንቾው የሚታሰረው ከወለሉ ሥር በግራና በቀኝ በሚያልፉት ሳጥን መሰል ብረቶች ላይ ነው። በትክክል የተሠራ ጋንቾ ቀዳዳዎቹ በእነዚህ ብረቶች ላይ ካሉት ጋር ይገጥማሉ፤ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ከተንጠለጠለባቸው ጎማዎች አላቆ ዝቅ ማድረግ፣ ጋንቾውን በክሪክ ደግፎ ወደ ቦታው ማንሳት፣ ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ማስያዝ፣ ከዚያም አምራቹ በወሰነው ኃይል በሚለካ መፍቻ ማጥበቅ ነው ሥራው። እኔና የእህቴ ልጅ ይህንኑ አደረግን። የቀኙ ጎን ገጠመ፤ የግራው ግን አውራ ጣት በሚያህል ስፋት ወደ ውጭ ሸሽቶ ቀረ። ብረቱን አውርደን በብርሃን ስናየው ከወፍራሙ ጥቁር ቀለም ሥር የሆነ እብጠት ተሰማን፤ ቀለሙን ስንፍቀው የግራው ክንፍ ከሌላ መኪና ጋንቾ ተቆርጦ የተቀጠለ መሆኑን የሚያሳይ ብየዳ ወጣ። ብየዳው ዙሪያውን እንኳ ያልዞረ፣ በሁለት ቦታ ክፍተት ያለበት ነው። የሚችለውን የክብደት መጠን የሚገልጽ ሰሌዳ የለውም፤ የቡሎኖቹም ራስ ላይ ጥንካሬያቸውን የሚናገር 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የለም።

በማግስቱ ብረቱን ተሸክመን ሱቁ ስንደርስ፣ ሲሸጥልኝ «ጋሼ» እያለ ወንበር ያቀረበልኝ ሰው ከስልኩ ቀና አላለም። ብየዳውን በጣቴ ሳሳየው ብረቱን አንዴ አገላበጠና፣ የቆሙት ደንበኞች ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ «እቤትዎ ወስደው በይደው ያበላሹትን አሁን ለእኔ ሊያሸክሙኝ ነው?» አለኝ። ብየዳው ያለው እሱ ራሱ በጨርቅ ሲጠርገው ከነበረው ቀለም ሥር መሆኑን ነገርኩት። ደረሰኜን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው፤ የተጻፈው «ልዩ ልዩ ብረት» የሚል ብቻ ነበር። «ጋንቾ የሚል የት አለ?» ብሎ መለሰልኝ። ሠራተኛው ልጅ «አባባ ሜካኒክ መሆን አምሯቸው ነው» ሲል ሳቁ። ከዚያም ባለ ሱቁ ወደ ሚዛኑ እያመለከተ «ከፈለጉ በኪሎ ልግዛዎት» አለኝ።

ይህች ንግግር ከገንዘቡ በላይ አንገበገበችኝ። ዕቃው የቁራጭ ብረት ዋጋ ብቻ እንዳለው ሲሸጥልኝም ያውቅ ነበር ማለት ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ በአግባቡ ሲጫን ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ያህል፣ ማለትም 50 ኪሎ ገደማ፣ በጋንቾው ላይ ያርፋል፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድና ፍሬን ደግሞ ጫናው ይበረታል። የግራው ቀዳዳ በአጋጣሚ ገጥሞልኝ ቢሆን ኖሮ ያንን ብየዳ አምኜ መንገድ እወጣ ነበር፤ ሌላ ገዢ ደግሞ ይዞት ወደ ጊቤ ቁልቁለት ሊወርድ ይችላል። ተሳቢ በቁልቁለት ቢለቅ የሚመታው ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅ ወይም ዳር ዳሩን የሚሄደውን ሕፃን ነው። ሰውየው ይህን ሁሉ እያወቀ ቀለም ቀብቶ ሸጠልኝ፤ ይቅር የማልለውም ለዚህ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው፤ እኔም ብረቱንና ደረሰኙን ይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታዬን አቀርባለሁ። እናንተ ግን ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስምና የመኪናው ሞዴል ሳይጻፍ፣ የክብደት ሰሌዳውንም በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ቀድማችሁ ገዝታችሁ የገጠማችሁም ካላችሁ፣ ተሳቢ ከማያያዛችሁ በፊት መኪናዋን ከመሬት ከፍ አስደርጋችሁ ቀለሙን በሁለቱም ክንፎች ላይ ፍቃችሁ እዩ።