ተራው ኬዝ፣ ስቲልቡኩ ወይስ ባለሣጥኑ? በፊልም ዲስክ ላይ የምንጨምረው ገንዘብ ምን ያስገኛል

አንድ ፊልም በዲስክ ሲወጣ በአንድ መልክ ብቻ አይወጣም። ተራ የፕላስቲክ ኬዝ ውስጥ አለ፤ ኬዙ ላይ የካርቶን እጀታ ለብሶ አለ፤ ስቲልቡክ በሚሉት የቆርቆሮ ማቀፊያ አለ፤ ከመጽሐፍ፣ ከፖስተርና ከሥዕል ካርዶች ጋር ወፍራም ሣጥን ውስጥ ገብቶም አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዋጋው እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ይሄዳል። ውስጥ ያለው ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ምስሉም ድምፁም ቅንጣት አይለይም።

እንግዲህ ዋጋ ከማወዳደር በፊት አንድ ነገር መለየት ይበጃል፦ የምንጨምረው ገንዘብ የሚታይ ነገር ይገዛል ወይስ የሚደረደር? የሚታየው ዲስኩ ላይ ያለው ነው፤ ፊልሙ፣ የዳይሬክተሩ ማብራሪያ፣ ስለ አሠራሩ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም፣ ተቆርጠው የቀሩ ትዕይንቶች። የሚደረደረው ቆርቆሮው፣ ካርቶኑና ወረቀቱ ነው። ለሁለቱም መክፈል ነውር የለውም። የሚያናድደው ለመደርደሪያ ከፍሎ የሚታይ የጨመሩ መምሰሉ ነው፤ ሻጮችም ይህን ብዥታ አይጠሉትም።

ተራው ኬዝ ከስቲልቡክ ጋር

ስቲልቡክ የንግድ ስም ነው፤ ባለቤቱ ስካናቮ የሚባል የዴንማርክ ኩባንያ ነው። ሥዕሉ ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ ይታተማል። የተደከመበት ሲሆን ከፊሉ ያብለጨልጫል፣ ከፊሉ ደብዘዝ ይላል፣ ርዕሱ በጣት ሲዳሰስ ጎላ ይላል፣ ሲከፈትም ከዲስኮቹ ሥር ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሌላ ሥዕል ይጠብቃችኋል። ያልተደከመበት ሲሆን የሲኒማ ቤቱን ፖስተር እንዳለ ቆርቆሮ ላይ ገልብጦ ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ ነው።

በይዘት ካየናቸው ስቲልቡኩና ተራው ኬዝ ብዙውን ጊዜ መንታ ናቸው። ለስቲልቡኩ ብቻ ተብሎ የተጨመረ ዲስክ የሚኖርበት ጊዜ አለ፣ ግን ብርቅ ነው፤ የሁለቱን የጀርባ ዝርዝር ጎን ለጎን ማንበብ ይበቃል። ልዩነቱ ቆርቆሮው ብቻ ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮው እንከን የለሽ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ስቲልቡክ መንገድ ላይ አንዴ ከተገጨ አይቃናም። እጃችሁ ሲገባ መብራት ሥር ያዙትና ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ቀጥ ብሎ ከሄደ ደህና ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ ከተጣመመ እዚያ ጋ ጎድጉዷል ማለት ነው። ከዚያ የጀርባ አጥንቱን ከላይና ከታች ጫፉ እዩት፣ ቀለም መላጥ የሚወደው እዚያ ነው። በመጨረሻ ከፍታችሁ ዲስኩን መሀሉ ላይ ቆንጥጦ የሚይዘውን ፕላስቲክ ተመልከቱ። ጥርሱ ከረገፈ ዲስኩ መንገዱን ሙሉ ሲንገላታ ነው የመጣው።

ከጀርባው በሙጫ ጠብታ የሚለጠፍ ወረቀትም አለ። የተጨማሪ ይዘቱ ዝርዝር፣ የፊልሙ ርዝማኔና የድምፁ ዓይነት የሚጻፈው እሱ ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይናገርም። ስትልጡት እንዳትጥሉት፣ ውስጥ አስገቡት፤ አንድ ቀን ብትሸጡት ገዢው ይጠይቃችኋል።

የስቲልቡክ ዋጋ ጠባዩ የታወቀ ነው። ቅድመ ትዕዛዝ ይከፈታል፣ ወዲያው ያልቃል፣ አትራፊዎች በእጥፍ ያወጡታል፣ ሰው ይደናገጣል። ከዚያ ወይ ዳግመኛ ይታተማል፣ ወይ ካልተሸጠበት መደብር የተረፈው በቅናሽ ይወጣል። ሁሉም ላይ እንዲህ አይሆንም፤ ተወዳጅ ፊልም ከሆነ አልቆ የሚቀርም አለ። የእኔ ፍርድ፦ ከተራው ኬዝ በሩብ ያህል ቢበልጥ ግዙት፤ እጥፍ ከሆነ ተራውን ግዙና በተረፈው ሌላ ፊልም ጨምሩ።

የካርቶን እጀታውን በአጭሩ እንለፈው። ከመጀመሪያው ኅትመት ጋር ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ የኬዙን ሥዕል እንዳለ ይደግማል፣ ጥቂት ጊዜ ወጣ ገባ ሲል ጥጉ ይተረተራል። እንደ ቪኒገር ሲንድሮም ያሉ አሳታሚዎች ለእጀታው አዲስ ሥዕል አሠርተው በተወሰነ ቁጥር ስለሚያትሙት ሰብሳቢ ይሻማበታል። ፊልሙን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሽሚያው ሲያልፍ ያው ዲስክ ያለ እጀታው ይገኛል።

ባለሣጥኑ ከተራው እትም ጋር

እውነተኛው ምርጫ ያለው እዚህ ነው። አሮው፣ ሴኮንድ ሳይትና ኢንዲኬተር የሚባሉት የብሪታኒያ አሳታሚዎች አንድ ልማድ አላቸው። መጀመሪያ በቁጥር የተወሰነ እትም ያወጣሉ፤ ጠንካራ ሣጥን፣ ጽሑፎች የተሰበሰቡበት ቡክሌት ወይም ደረቅ ሽፋን ያለው መጽሐፍ፣ የሥዕል ካርዶች፣ አንዳንዴ ታጥፎ የገባ ፖስተር። ከዚያ፣ አንዳንዴ በዚያው ቀን፣ አንዳንዴ ወራት ቆይቶ፣ ሣጥኑና ወረቀቱ የሌለበት ተራ እትም ይከተላል። ዲስኩ አይቀየርም፤ ቃለ ምልልሱ፣ ማብራሪያው፣ ዘጋቢው ሁሉ አብሮት ይመጣል። ዋጋው ግን በጣም ይወርዳል።

ስለዚህ የዋጋው ልዩነት ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን እንመዝነው። ፖስተሩ ስምንት ቦታ ታጥፎ ስለሚመጣ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል እንኳ ከሥዕሉ እኩል እጥፋቱ ይታያል። የሥዕል ካርዶቹ አንዴ ይገለበጡና ይመለሳሉ፤ ሁለተኛ ያያቸው ሰው አላጋጠመኝም። መጽሐፉ ግን ሌላ ነው። ጥሩ ቡክሌት ውስጥ ፊልሙ በወጣበት ዘመን የተጻፉ ሂሶች፣ አዳዲስ ድርሰቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ እድሳቱ የተጻፈ ማስታወሻ ይገኛል፤ ከየትኛው ኔጌቲቭ፣ ማለትም ከየትኛው የተቀረጸ የፊልም ጥቅል፣ ተነሣ፣ በምን ያህል ጥራት ተቀዳ፣ ቀለሙን ማን አጸደቀው። አንድ ገጽ የማይሞላ ማስታወሻ ነው፣ ግን ምስሉ ለምን አረንጓዴ እንደሚያደላ ወይም ለምን አሸዋማ እንደሚመስል የሚነግራችሁ እሱ ነው። እኔ ሣጥን የምመዝነው በመጽሐፉ ነው። ገጹ በርከት ያለና ጸሐፊዎቹ በስም የተዘረዘሩ ከሆነ ልዩነቱን እከፍላለሁ፤ «ልዩ ቡክሌት» ብሎ ያለፈውን ግን ተራው እትም እስኪመጣ እታገሠዋለሁ።

ከነዚህ በተቃራኒ የአሜሪካውን ክራይቴሪየን ውሰዱ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ደረጃ አይሠራም፤ ድርሰት ያለበት ወረቀት ወይም ቡክሌት ከተራው ኬዝ ጋር አብሮ ይመጣል፣ የሚደርስባችሁ የቁጥር ሽሚያም የለም። የተለመደው የመደብ ዋጋው ለብሉሬይ 39.95 ዶላር፣ ከእሱ የላቀ የምስል ጥራት ላለው 4ኬ 49.95 ዶላር ነው፤ ያለ ቅናሽ ከተገዛ አይቀመስም። ነገር ግን ለዓመታት ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለው የአሜሪካ የመጻሕፍት መደብር በየሐምሌውና በየኅዳሩ አካባቢ ግማሽ ዋጋ ያደርገዋል፣ ክራይቴሪየንም ራሱ አልፎ አልፎ ለ24 ሰዓት ብቻ ግማሽ ይቀንሳል። ስጦታ ካልሆነ በቀር ሙሉ ዋጋ የሚከፈለው ለትዕግሥት ማጣት ነው። ሁለቱን ስንገጥማቸው፣ ወረቀቱን ለሚወድ ሰው የክራይቴሪየን በግማሽ ዋጋ ከብሪታኒያዎቹ ሣጥን ይረክሳል፤ የመጽሐፉን ውፍረትና የሣጥኑን ግርማ ለሚወድ ግን አይተካውም።

በሩቅ ምሥራቅ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። እንደ ሆንግ ኮንጉ ማንታ ላብ ያሉ አሳታሚዎች አንዱን ፊልም በሁለት ሦስት ዓይነት ሽፋን፣ ሲያዘነብሉት ሥዕሉ በሚቀያየር ፕላስቲክ ጭምር፣ ተራ ቁጥር መትተው ያወጡታል፤ ሁሉንም ባንድ ላይ የያዘ ትልቅ ሣጥንም ይሸጣሉ። ሥራው ያምራል፣ አልክድም። የሚገዛው ግን ማሸጊያ ነው፤ አንድ ፊልም ሦስቴ ከፍሎ አንዴ ማየት።

የጀርባው ዝርዝር ሲነበብ

«ከ5 ሰዓት በላይ ተጨማሪ ይዘት» የሚለው አያጓጓችሁ፤ ሰዓቱ ከምን እንደተሰበሰበ እዩ። ማስታወቂያዎች፣ የፎቶ ስብስብ፣ ተዋንያኑ እርስ በርስ የሚወዳደሱባቸው የአራት የአራት ደቂቃ ቅንጥብጣቢዎች ሲደመሩ ሰዓት ይሞላሉ። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ አንድ ዘጋቢ ፊልም ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል። በዝርዝሩ ውስጥ ርዝማኔያቸው ያልተጻፈላቸው ነገሮች ከበዙ አጫጭር ናቸው ብሎ መጠርጠር ይሻላል።

የማብራሪያ ድምፅ፣ ሰው ኮሜንተሪ የሚለው፣ ለእኔ ከተጨማሪዎች ሁሉ ቁንጮው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1984 ክራይቴሪየን ከዲቪዲ በፊት በነበረው ትልቅ ዲስክ፣ በሌዘርዲስክ፣ ያወጣው ኪንግ ኮንግ ነው፤ ሮናልድ ሄቨር የተባለው የፊልም ታሪክ አዋቂ ፊልሙ እየሄደ በሁለተኛው የድምፅ መስመር ሲተርክ ይሰማል። ዲስኩ ላይ የሚወስደው ቦታ ጥቂት ስለሆነ ርካሽ ዲቪዲ ላይም ሳይቀር ይገኛል። እንዲያውም አሮጌ ዲቪዲ ላይ የነበረ ማብራሪያ በመብት ጉዳይ ወደ አዲሱ ብሉሬይ ሳይሻገር የሚቀርበት ጊዜ አለ። አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ለመጣል አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ሁለቱን ዝርዝር አስተያዩ።

ዲቪዲ፣ ብሉሬይ፣ 4ኬ፦ ተጨማሪው የተቀመጠው የት ነው?

በምስል በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። ዲቪዲ በአንድ ፊት ቢበዛ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፣ ምስሉም እንደየአገሩ ሥርዓት 720 በ480 ወይም 720 በ576 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ብሉሬይ 25 ወይም 50 ጊጋባይት ይዞ 1920 በ1080 ያሳያል። በ2016 የተከተለው 4ኬ ደግሞ እስከ 100 ጊጋባይት፣ 3840 በ2160፣ ብሩሁንና ጨለማውን ክፍል አጉልቶ ከሚለየው ከኤችዲአር ቀለም ጋር። ቴሌቪዥናችሁ ትንሽ ከሆነ ወይም ከሩቅ የምታዩ ከሆነ ከብሉሬይ ወደ 4ኬ የሚጨመረው ገንዘብ እምብዛም አይታይም።

ለተጨማሪ ይዘት ሲመጣ ግን ደረጃው ይዘበራረቃል። የ4ኬ ዲስክ ብዙ ጊዜ ፊልሙን ብቻ ይይዛል፤ ተጨማሪዎቹ አብሮት በሚመጣው ብሉሬይ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ በነጠላ ዲስክ የተሸጠ ርካሽ 4ኬ ስታዩ፣ የተቀነሰው ዋጋ የተጨማሪዎቹ ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። 4ኬ ዲስክ የክልል ቁልፍ የለውም፣ የትም ተገዝቶ የትም ይሠራል። ብሉሬይ ግን በሦስት ክልል የተከፈለ ነው፤ ሀ አሜሪካን፣ ጃፓንንና ኮሪያን፣ ለ አውሮፓን፣ አፍሪካንና አውስትራሊያን፣ ሐ ቻይናን፣ ሕንድንና ሩሲያን ይይዛል፤ የሚታየው ምልክት ግን በላቲን ፊደል A፣ B፣ C ነው። ከሌላ ክልል የ4ኬ ስብስብ ስታስመጡ ፊልሙ ይከፈታል፣ ተጨማሪዎቹ ያሉበት ብሉሬይ ግን ማጫወቻችሁ ላይ አልከፈት ሊል ይችላል። ቁልፍ ያልተደረገባቸውም ብዙ ናቸውና ከመክፈል በፊት ማረጋገጥ ነው።

ፕሌይስቴሽን 4 4ኬ ዲስክ እንደማያጫውትም ልብ በሉ፤ ብሉሬይ ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ማስገቢያ ያለው ከሆነ፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም እንዲሁ፣ ያጫውታሉ።

ያገለገለ ወይስ ላስቲኩ ያልተቀደደ

በዋጋ በኩል ያገለገለው ያሸንፋል፣ በተለይ ብሉሬይ። የብሉሬይ ፊት ጭረት የሚቋቋም ጠንካራ ሽፋን አለው፣ ዲቪዲ የለውም። ነገር ግን የብሉሬይ መረጃ ከፊቱ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው የራቀው፣ የዲቪዲው 0.6 ሚሊሜትር። ስለዚህ ሽፋኑን የዘለቀ ጭረት ብሉሬይ ላይ መድኃኒት የለውም፤ ዲቪዲን ግን አንዳንዴ አጥቦና አለስልሶ ማዳን ይቻላል። ሲገዙ ጭረቱ ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ከወጣ ብዙ አያሰጋም፤ ከክቡ ጋር አብሮ የሚዞር ጭረት ከሆነ ተዉት።

ያገለገለ ስትገዙ ዲጂታል ኮድ፣ ማለትም ፊልሙን በኢንተርኔት ለማየት ኬዙ ውስጥ የሚገባውን ቁጥር፣ አትቁጠሩ። ምናልባት ተጠቅመውበታል፣ ወይም ጊዜው አልፏል፣ ወይም ለአገራችሁ አይሠራም። አልትራቫዮሌት የተባለው ትልቁ የኮድ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2019 ተዘግቷል፤ የድሮ ኬዞች ላይ ግን ስሙ እስካሁን ተጽፎ ይታያል።

ላስቲኩ ያልተቀደደው ሰብሳቢ የሚከፍልበት ነው፣ አደጋም አለው፤ ያልተከፈተ ዲስክ አልተሞከረም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዋርነር ብራዘርስ ከ2006 እስከ 2008 ድረስ የታተሙ አንዳንድ ዲቪዲዎቹ በራሳቸው ጊዜ እየተበላሹ መሆናቸውን አምኖ መተኪያ ለመስጠት ተነሥቷል። ላስቲክ ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ይደብቀዋል። የዚያ ዘመን የታሸገ ስብስብ በውድ የሚገዛ ሰው ሻጩ ከተበላሸ እንደሚመልስ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስፈርም፣ ከዚያ ላስቲኩን ቀድዶ ዲስኮቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጫውታቸው፤ ሜኑው ስለተከፈተ ብቻ አይመኑ።