የነዳጅ ግፊት ጌጅ በቱርቦ ስታርሌት ላይ፦ በጋውንም ክረምቱንም ካየ በኋላ

ቱርቦ ያላት፣ ቡስቷም (ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት) ከፋብሪካው መጠን በላይ ከፍ የተደረገ መኪና የሚነዳ ሰው፣ ገንዘቡን በሌላ ዕቃ ላይ ከማፍሰሱ በፊት የነዳጅ ግፊቱን መሪ እንደያዘ ማየት መቻል አለበት። ይህን የምለው ባለፈው ሚያዝያ ያስገጠምኩትን ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ ግፊት ጌጅ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ስመላለስ በደንብ ስለፈተንኩት ነው። ዋጋው ከአንድ ጥሩ ፓምፕ ያነሰ ነበር፤ ያለ እሱ ደግሞ ያንን ፓምፕ በከንቱ እቀይር ነበር።

መኪናዋ ስታርሌት ናት፤ ሞተሯ ባለ 1.3 ሊትሩ ፎር ኢ ኤፍ ቲ ኢ። ቡስቱ 0.8 ባር ላይ ነው። ታንኩ ውስጥ በሰዓት 255 ሊትር የሚባለው ፓምፕ፣ ሞተሩ ጋ ደግሞ የነዳጁን ግፊት የሚወስን፣ የሚስተካከል ሬጉሌተር አላት፤ ኮምፒውተሯም በዚሁ ልክ ተስተካክሏል። ጌጁ ራሱ ሁለት ዕቃ ነው፦ ከነዳጅ መስመሩ ጋር የሚታሰር፣ ከ0 እስከ 10 ባር የሚያነብ ሴንሰርና ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ክብ ስክሪን። የወረደበትን ዝቅተኛና የወጣበትን ከፍተኛ ቁጥር ይይዛል፤ ከወሰኑለት በታች ሲወርድ ይጮኻል።

ችግሩ የሚታየው ዳገት ላይ ነበር። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ማለፊያ ስወጣ፣ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት መጀመሪያ ላይ ደህና ትስባለች፤ ቡስቱ ሲሞላ ግን ትታነቃለች፣ ጉልበቷም ድንገት ይጠፋል። እግሬን ሳነሳ ወዲያው ሰላም ትሆናለች። ካንዴላ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ጋራዥ ውስጥ ኮፈን ተከፍቶ፣ ሬጉሌተሩ ላይ ያለው ባለ መርፌ ጌጅ ሲታይ ግን ልክ 3 ባር ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ቆሞ በቀስታ ሲሠራ የሚጠጣው ነዳጅ ኢምንት ነው፤ ፓምፑ የገፋው አብዛኛው በመመለሻው ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ስለዚህ የደከመ ፓምፕም ሆነ የተዘጋ ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያ) የቆመች መኪና ላይ 3 ባርን በቀላሉ ይይዛል። እውነቱ የሚወጣው ሞተሩ የምር ነዳጅ ሲፈልግ ነው፤ ያኔ ደግሞ ኮፈኑ ዝግ ነው፣ መርፌውን የሚያይ የለም።

አዲሱ ጌጅ በተገጠመ ማግሥት ያው ዳገት ላይ መልሱ ታየ። የሬጉሌተሩ ቀጭን ቱቦ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ከማኒፎልዱ ጋር የተገናኘ ስለሆነ ቡስቱ በጨመረው ልክ የነዳጁም ግፊት መጨመር አለበት፦ መነሻው 3 ባር ከሆነ፣ በ0.8 ባር ቡስት 3.8 መነበብ አለበት። የእኔ 3.2 ላይ ቀረ። ከላይ ሲያዩት ከ3 በላይ ስለሆነ ደህና ሊመስል ይችላል። ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተር የሚሠራው ግን በሁለቱ ጎኖቹ፣ በነዳጁና በማኒፎልዱ አየር መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው፤ 3 መሆን የነበረበት ልዩነት 2.4 ሆኗል ማለት ነው። የሚረጨው ነዳጅ ከግፊት ልዩነቱ ካሬ ሥር ጋር ስለሚሄድ፣ ከሚገባው አሥር በመቶ ያህል ጎድሏል። በሙሉ ቡስት ላይ ነዳጁ ይህን ያህል ሲጎድል ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይበላል። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ሞተር መጠበቅ አማራጭ የሌለው ነገር ሆኗል። እንኳን ቱርቦው ተራው ሞተርም ቢሆን እንደ ድሮው በቀላሉ አይተካም።

ምክንያቱን ያገኘነው ቁጥሩ መቼ እንደሚብስ በማየት ነው። ማታ መብራት፣ ማራገቢያና የዝናብ መጥረጊያ አብረው ሲሠሩ ግፊቱ ከቀኑ ይበልጥ ይወርዳል። መካኒኬ ይህን ስነግረው «እንግዲያው ፓምፑን ተወው፤ ኤሌክትሪኩን እንይ» አለኝ። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ቴስተሩን ፓምፑ ሶኬት ላይ ሲያስገባ 11 ቮልት እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ባትሪው ላይ ግን 13.8 ነው። ለትንሽ ፓምፕ የተዘረጋው የፋብሪካው ቀጭን ሽቦ የትልቁን ፓምፕ አምፒር መሸከም አቅቶት ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላው ነበር። ቮልት ሲያንስ ፓምፑ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ ቀስ ብሎ ሲሽከረከር ደግሞ በከፍተኛ ግፊት መግፋት ያቅተዋል። ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ተዘረጋ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ተደረገለት፣ የፋብሪካው ሽቦ ሪሌውን (ወፍራሙን መስመር የሚያበራውን ማብሪያ) ብቻ እንዲያስነሳ ሆነ፤ የኔጋቲቩም ማሰሪያ ቀለሙ ተፍቆ በንጹሕ ብረት ላይ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ላይ 3.8 ይነበባል፤ መኪናዋም ሳትታነቅ ትወጣለች። ፓምፑ ያው የድሮው ነው።

ክረምት ላይ ቁጥሩ እንደገና መውረድ ጀመረ፤ አሁን ግን አንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ፣ ከሳምንት ሳምንት። ማደያ ላይ ሰልፉ በበረታበት ሰሞን በጄሪካን የተቀዳ ቤንዚን ገብቶባታል። መኪናዋ ላይ ገና ምንም አይሰማም ነበር፤ ጌጁ ነው ቀድሞ የነገረኝ። ፊልትሮው ተፈትቶ በመጋዝ ሲከፈት ወረቀቱ የሻይ ቅጠል ዝቃጭ መስሏል፤ እጥፋቶቹ ውስጥ የዝገት ቅንጣትና በጣት ሲታሽ የሚሻክር አሸዋ ነበር። አዲስ ፊልትሮ ከገባ በኋላ ግፊቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባለ ቱርቦዎች ሆይ፣ በሃይላንድና በጄሪካን የሚሸጥ ቤንዚን የግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ ፊልትሮውን ቶሎ ቀይሩ።

ለገጣፎ የሚኖር ጓደኛዬ ይህን አይቶ ተመሳሳይ ጌጅ በሱባሩው ላይ አስገጥሟል። የእሱ ሌላ ነበር፦ ቡስቱ ሲጨምር ግፊቱ አይወርድም አይወጣም፣ 3 ላይ ድርቅ ይላል። እንዲህ ሲሆን ፓምፕ አትጠርጥሩ፤ ከማኒፎልዱ ወደ ሬጉሌተሩ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ተመልከቱ። የእሱ ከሥር ተሰንጥቃ ነበር። በተቃራኒው ግፊቱ በቀስታ በሚሠራ ሞተር ላይ ከፍ ብሎ በሬጉሌተሩ ቡሎን አልወርድ ካለ፣ ለትልቁ ፓምፕ የመመለሻው ቱቦ ጠቦታል ወይም ታጥፏል። ሞተር ሲጠፋ ወዲያው ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው የፓምፑ ቫልቭ፣ ሬጉሌተሩ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ነው፤ ሙቅ ሞተር ለማስነሳት ብዙ የሚያስቸግራችሁ በዚህ ጊዜ ነው።

ከፍታችንን የሚመለከት አንድ ነገር በሰፊው ልበል፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ሬጉሌተር ሲነካካ አያለሁና። አብዛኛው መመሪያ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ከማኒፎልዱ ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደው ቱቦ ሲነቀል 3 ባር፣ ሲሰካ በቀስታ በሚሠራ ሞተር 2.4 አካባቢ ይላል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 0.77 ባር ነው፤ ሞተሩ የሚስበው ቫኪዩም ከውጪው አየር ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፤ የነዳጁንም ግፊት ያን ያህል አያወርደውም። ስለዚህ እዚህ 2.6 ቢነበብ ጤነኛ ነው። ለማስተካከል ብላችሁ ቡሎኑን ከፈታችሁ መነሻውን አበላሻችሁ፤ መነሻው መስተካከል ያለበት ቱቦው ተነቅሎ ብቻ ነው።

በፈሳሽ የተሞላው ባለ መርፌ ጌጅም እዚሁ ከፍታ ላይ ይዋሻል። ባሕር ጠለል ላይ ታሽጎ ከመጣ ውስጡ 1 ባር ያህል አየር አለው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ከሩብ ባር ትንሽ ያነሰ ዝቅ አድርጎ ያነባል። አናቱ ላይ ያለችውን የጎማ ውታፍ ትንሽ ከፍቶ አየሩን ማስተንፈስ ይበቃል። ሞተር ከጠፋና ግፊቱ ከተለቀቀ በኋላ መርፌው ዜሮ ላይ ካልቆመ ምልክቱ ይኼ ነው። የኤሌክትሮኒኩም ዜሮ እንዲሁ መፈተሽ አለበት፤ የእኔ 0.0 ይላል።

የማልወድለት ነገርም አለ። የሴንሰሩ ሶኬት ውኃ አይከላከልም። ሐምሌ ላይ የሱሉልታ ጭቃ ውኃ ገብቶበት ቁጥሩ ከ2 ወደ 6 ይዘል ነበር። ሶኬቱን ወደ ታች አዙሮ ማሰርና የኤሌክትሪክ ቅባት መቀባት አዳነው፤ በዚህ ዋጋ ግን ይህ ከፋብሪካው መሠራት ነበረበት። ስክሪኑ ማታ ዓይን ይወጋል፤ የብርሃን ማስተካከያው ሁለት ደረጃ ብቻ ነው፣ ዝቅተኛውም ይበዛል።

ከሳጥኑ ጋር የመጣችውን የናስ ማገናኛ መካኒኬ ገና ሲያያት አልወደዳትም፤ ሴንሰሩ በእሷ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሞተሩ ጋር ሲንቀጠቀጥ ናሷ ልትሰነጠቅ ትችላለች። የጋለ ሞተር ላይ በ3 ባር የሚረጭ ቤንዚን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ሴንሰሩን ብረት በተጠለፈበት አጭር የነዳጅ ቱቦ አርቀን የመኪናዋ ገላ ላይ አሰርነው። ከሶማሌ ተራ ማገናኛ ስትገዙ ጥርሱን አስለኩ፦ የአሜሪካው ስምንተኛ ኢንች በአንድ ኢንች 27 ጥርስ፣ የእንግሊዙ 28 ነው። አንዱ በሌላው ላይ የተወሰነ ዙር ይገባና የያዘ ይመስላል፤ ግፊት ሲመጣ ግን ያንጠባጥባል። ነጩን የቧንቧ ፕላስተር ነዳጅ መስመር ላይ አትጠቀሙ፤ ቁራጩ ኢንጀክተር ይዘጋል። ቤንዚን የሚችል ፈሳሽ ማሸጊያ አለ።

ቡስቱን ላልነካ ሰው ይህን ግዛ አልለውም፤ ቴስተርና ለአንድ ቀን የተዋሰው ጌጅ ሥራውን ይጨርሳሉ። ቡስት ለጨመረ ግን ዝቅተኛውን ቁጥር የሚይዝና ድምፅ ያለው ይሁን፤ ዳገት ላይ ዓይን መንገድ ላይ ነው መሆን ያለበት፣ የተያዘው ቁጥር መኪናዋ ከቆመች በኋላ ይታያል። ስትገዙም ሴንሰሩ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ። የእኔ ስለሚሸጥ መለዋወጫ አንድ አስመጥቻለሁ፤ መጪውን ክረምት ሶኬቱ ካልቻለው እሱን እገጥማለሁ።