«በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ካሏችሁ ብር እንዳታስገቡ

ሰላም የባህር ዳር ሰዎች፣ በተለይ ሰርግ ወይ ተዝካር ያለባችሁ ይሄን አንብቡና ስልክ ለማይጠቀሙ እናቶችም ንገሯቸው።

የዋጋ ቁጥጥር ሊመጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር አንዳንድ ጅምላ አከፋፋዮች ጋር የሚጀመር ነገር አለ፣ ዘይቱ ነገ ይጠፋል፣ ዛሬ ብር ካስገባችሁ ግን በፋብሪካ ዋጋ እንሰጣችኋለን ይላሉ። ብሩ የሚገባው በድርጅቱ ስም ሳይሆን በሆነ ግለሰብ አካውንት ወይ ቴሌብር ነው። ደረሰኝ ስትጠይቁ ከከፈላችሁት በጣም ያነሰ ተጽፎ ይመጣል፣ ልዩነቱስ ስትሉ የጭነትና የማውረጃ ነው ትባላላችሁ። የኛ ሰፈር እድር ላይ የተደረገው ይሄ ነው፣ ጭራሽ ዘይቱን ለማግኘት ማንም ያልጠየቀውን የሳሙና ካርቶን አብራችሁ ካልወሰዳችሁ አይሆንም ተባለ። የእድር ብር ማለት የሃዘንተኛ ብር ነው እኮ!

ለምን ዝቅ አርገው ይጽፋሉ? ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው ወረቀቱን ነው፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግብሩም በዛው ይቀንሳል። ከነሱ የገዛው ባለሱቅ በውድ ገዝቶ በርካሽ የተጻፈ ደረሰኝ ታቅፎ ይቀራል፣ ያላግባብ ጨመርክ ተብሎ የሚታሸገውም እሱ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ሲባል ድሮ የገባ ዕቃ በአንድ ሌሊት ሲጨምር አይተናል፣ በየከተማው ሱቅ ታሸገ። በ2003 ደግሞ ስኳር፣ ዘይት፣ ስጋ ላይ የዋጋ ጣሪያ ወጥቶ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የአብዛኛው ጣሪያ ተነሳ። እኔ ቁጥጥሩን እደግፋለሁ፣ ግን ከመጋዘኑና ከፋብሪካው በር ካልጀመረ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ሸማቹ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ዋጋ ለጥፉ፣ ደረሰኝ ስጡ፣ ዕቃ አትደብቁ ይላል፣ ይሄ ለሰፈር ሱቅ ብቻ የወጣ አይደለም፣ ጅምላ ነጋዴውንም ይመለከታል። ስለዚህ ድርጅቱ ስም ላይ ወዳለ አካውንት ካልሆነ አታስገቡ። የከፈላችሁት ሙሉ ብር፣ ቀኑ፣ የሻጩ ስምና ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይኑር፣ ጭነት የሚሉት ካለም ለብቻው ይጻፍላችሁ። እምቢ ካሉ ጣናም ሁኑ ፋሲሎ የክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽህፈት ቤት ሂዱ፣ ብቻችሁን ግን አትሂዱ፣ አንድ ሰው ሲሄድ ነገ ና ይባላል፣ አብረዋችሁ የገዙትን ይዛችሁ ግቡ።

ባለሱቆችም ይሄ ለናንተም ነው። ከፍላችሁ የጨረሳችሁ ካላችሁ የባንክ ስሊፑን አትጣሉት፣ የቴሌብሩንም ስክሪንሾት አታጥፉት፣ የላካችሁት ብርና ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ብር ጎን ለጎን ሲታይ ነው ተቆጣጣሪው መጋዘኑ ድረስ የሚሄድበት ማስረጃ የሚኖረው።